የኡም ሳልህ ቤት ምሰሶዎች

አሁን የምሠራው በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ነው። ስም እጠይቃለሁ፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። ንጹሕና ቀዝቃዛ ሥራ ነው፤ አላማርርም። አንድ ልማድ ግን አልለቀቀኝም። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ዓይኔ ከፊቱ በፊት ወደ በሩ የላይኛው ጥግ ይሄዳል። መቃኑን ይነካ እንደሆነ፣ ክፍተቱ ከግራ እስከ ቀኝ እኩል እንደሆነ አያለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን "ሁልጊዜ እዚያ ላይ ምን ታያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ምንም" አልኳት። ይህን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ለማስረዳት ድፍረቱ የለኝም። ስጽፈው ግን ይቀለኛል።

ከዚህ በፊት የሠራሁት ከቤት ሥር ነው። ሪያድ ውስጥ፣ በመንፉሐ፣ በጉበይራና በመንሱራ ሰፈሮች ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ ከመሬት በታች ክፍል አላቸው። እኛ ሁላችንም በዐረብኛው ቀቡ እንለው ነበር። በቀቡው መካከል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወፍራም የብረት አግዳሚ ያልፋል፤ የላይኛው ቤት ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አግዳሚውን ደግሞ በተራ የቆሙ የብረት ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ከመሬት የሚመጣው ውሃ ጨው አለበት። የጓሮ ውሃና የታንከር ፍሳሽ ሲጨመርበት የምሰሶዎቹን እግር እያደር ይበላዋል። ምሰሶው ከወገቡ በላይ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ፣ እግሩን በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት እንደ ቅርፊት ይራገፋል። የእኛ ሥራ ቤቱ ሳይፈርስ እነዚያን ምሰሶዎች አውጥቶ አዲስ መተካት ነበር።

ዛሬ አሮጌዎቹ ቤቶች እየፈረሱ ነው፤ የሚጠገን ሲጠፋ ቢሮአችንም ተዘጋ። የገባንባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ግን መንፉሐ ያለው የኡም ሳልህ ቤት ነው። ኡም ሳልህ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ነበሩ። ምሰሶዎቹ ካልተተኩ ካረጁበት ቤት መውጣታቸው ነው፤ አንዴ ከወጡ ደግሞ እንደማይመለሱ እሳቸውም ልጆቻቸውም ያውቁ ነበር።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በቀጥታ አይደለም። አገር ቤት ሲቪል ምህንድስና ተምሬያለሁ፤ ሪያድ የመጣሁት ግን በቤት ሠራተኛ ቪዛ ነው። ማዳሜ ልጆቿን የሒሳብ የቤት ሥራ ሳግዛቸው እያየች ቆይታ አንድ ቀን "አንቺ ምንድን ነው የተማርሽው?" አለችኝ። ነገርኳት። ወንድሟ አቡ ናስር አሮጌ ቤት የሚጠግን ትንሽ ድርጅት ነበረው። ከፋላዬን፣ ማለትም የአሠሪ ዋስትናዬን፣ ወደ እሱ ለማዞርና ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማስቀየር የወሰደውን ምልልስ አልተርከውም፤ የሄደበት ሰው ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ ጉበይራ ውስጥ፣ ከአንድ ብረት በያጅ ጎን፣ ጠረጴዛና ማራገቢያ ተሰጠኝ። የቤቱን መጠን እለካለሁ፣ አግዳሚው የሚሸከመውን ክብደት አሰላለሁ፣ የምሰሶውን ውፍረት እመርጣለሁ። ወንዶቹ ሲያሾፉብኝ፣ መሐንዲሷ ለማለት፣ "ሙሀንዲሳ" ይሉኝ ነበር። በኋላ ላይ ሳያሾፉም ይሉኝ ጀመር።

ሥራውን የሚመሩት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ኮምቦልቻ አጠገብ ተወልደው በጉብዝናቸው ሪያድ ገብተው እዚያው የሸበቱ። አዲስ ቀቡ ስንገባ መጀመሪያ ምንም አይሠሩም። አንዲት ቁራጭ ምንጣፍ ይዘው ይወርዳሉ፣ አንዱን ምሰሶ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ሬዲዮ አይከፈትም፣ ማንም አያፏጭም። እላይ ሰው ሲራመድ፣ ማቀዝቀዣ ሲነሳ፣ ውሃ ሲለቀቅ ያዳምጣሉ። ከዚያ ብድግ ብለው "በሉ ተዋውቀናል" ይላሉ።

ቀጥሎ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከአሮጌው ምሰሶ ግራና ቀኝ ወፍራም እንጨት እየተጠላለፈ ይደረደራል። በላዩ ክሪክ ይቆማል። ክሪኩ አግዳሚውን በትንሹ ሲያነሳው አሮጌው ምሰሶ ከሸክሙ ይላቀቃል፤ ያኔ ይቆረጣል። የጋሽ ሰይድ ሕግ ክሪኩ ሩብ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ ብሎ መጠጣት ነው። ውሃው ሳያልቅ ማንም እጀታውን አይነካም። ብረት ወዲያው ይታዘዛል፣ ግድግዳ ግን ዘግይቶ ነው የሚሰማው ይሉ ነበር። ሙክታር የሚባል የጅማ ልጅ፣ ክሪክ አዟሪያችን፣ "ጋሽ ሰይድ፣ ቤቱ ሳይነሳ እርስዎ ሞልተው ሊፈሱ ነው" እያለ ያስቀን ነበር።

ከእኔ ጋር ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። "እኔ በዓይኔ የገመትኩትን ሳልነግርሽ አንቺ በቁጥር ንገሪኝ፤ ከተለያየን አንዳችን ተሳስተናል" ይሉኛል። አንዳንዴ እሳቸው ነበሩ፣ አንዳንዴ እኔ። ማን እንደተሳሳተ ሲታወቅ የሚስቁት ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

ከውሃ ልኩና ከቱንቢው ሌላ የሚያምኑት ነገር የላይኛውን ቤት በሮች ነው። አግዳሚው ሲነሳ ከሱ በላይ ያለው ግድግዳ አብሮ ይነሳል፤ ግድግዳው ከተጣመመ በሩ መቃኑን መንካት ይጀምራል። ስለዚህ ክሪክ በዞረ ቁጥር እላይ አንድ ሰው በሮቹን እየከፈተና እየዘጋ መናገር አለበት። ሠራተኛ ወንድ ሴቶች ወዳሉበት ክፍል ስለማይገባ ይህን የሚያደርገው የቤቱ ሰው ነበር።

መንሱራ ውስጥ በአንድ ቤት ሥራው የተበላሸብንም እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ሥራ ሄዶ አማቹን፣ የልጁን ባል፣ ተክቶ ነበር። የሚታየው በር ሴቶች የተሰበሰቡበት ክፍል በር ነው፤ ውስጥ የአማቹ ሚስት እህቶችና አክስቶች አሉ። አማች እዚያ እንዴት ይገባል? ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ኖሯል። ጋሽ ሰይድ ከታች "በሩስ?" ባሉ ቁጥር ደህና ነው ለማለት "ተማም! ተማም!" ይላል። ሴቶቹ ደግሞ የማያውቋቸው ወንዶች ቤታቸው ስለገቡ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ቁም ሣጥን አስደግፈውበት ነበር። ያ በር ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም።

እኔ ቀቡው ውስጥ ውሃ ልኩን ይዤ ነበር። መጀመሪያ የሰማነው የመስታወት ድምፅ ነው፤ ከዚያ ጩኸት። ከበሩ በላይ ያለው መስታወት ፈንድቶ አንዲት አክስት ክንድ ላይ ወድቋል። በሩ ተጨምቆ አልከፈት ብሏል። ወንዶቹ መውጣትም መቆምም አቃታቸው። ጋሽ ሰይድ ፊታቸው አመድ መስሎ "ሰናይት፣ አንቺ ውጪ!" አሉኝ።

ሮጬ ወጣሁ። በተሰበረው መስታወት በኩል ሴቶቹ ከግድግዳው እንዲርቁ ነገርኩ፤ ክንዷን የሚያስሩበት ሻርፕ አቀበልኩ። ክሪኩ በአንዴ ቢለቀቅ ግድግዳው ይብሳል። ሲወርድም እንደ አወጣጡ ነው፣ ሩብ ዙር፣ ከዚያ መጠበቅ። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ አማቹ ራሱን ይዞ እየተንጎራደደ፣ ከታች ሰው ኩባያው እስኪያልቅ እንደሚጠብቅ እኔ ብቻ አውቅ ነበር። በሩ ሲከፈት አሮጊቷ አክስት ደሟ ቀሚሷን አርሶት ወጣች። ክንዷ ተሰፋ፤ ዳነች። ግድግዳው ግን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ ስለነበር በኋላ ፈረሰ።

ጋሽ ሰይድ ፍርስራሹን ራሳቸው ተሸክመው አወጡ፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ አቡ ናስርን "ሰው ባለበት ቤት ክሪክ አላነሳም" አሉት። ለረጅም ጊዜ የአጥር በርና የደረጃ መደገፊያ ብቻ እየበየዱ ቆዩ።

የኡም ሳልህ ቤት የመጣው በዚህ መሐል ነው። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ቀቡውን አይቶ፣ ምሰሶዎቹ ቶሎ ካልተተኩ ቤቱ ባዶ መሆን አለበት ብሎ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ሳልህ ከከተማው ሰሜን አዲስ ቤት ሠርቷል፤ እናቱን እዚያ ወስዶ ይህን መሸጥ ይፈልጋል። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱ አንድ ቀን ከነቤቱ ይወድቃሉ ብሎ ይፈራል።

ልናይ በሄድን ቀን ጋሽ ሰይድ ተቀምጠው አዳመጡና ተነሱ። "ሰው ከወጣ እሠራለሁ" አሉ።

ኡም ሳልህ ፊታቸውን ሸፍነው ከደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመው ነበር። "እኔ አልወጣም" አሉ በዐረብኛ። "ከወጣሁ ይሄ ልጅ መልሶ አያስገባኝም።"

"እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው" አለ ሳልህ።

"ለእኔ ብለህ ከሆነ እንግዲህ እዚሁ ተወኝ።"

እኔ "እኔ እላይ ብሆንስ?" አልኩ።

"ምን አለች?" አለ ሙክታር።

ጋሽ ሰይድ ሰምተውኛል። "ድገሚው" አሉኝ።

"እኔ ሴት ነኝ። የትኛውም ክፍል እገባለሁ። በሮቹን እኔ አያለሁ።"

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው ደረጃውን በዓይናቸው ለኩ። "ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከታች ግን ስልክ አይሠራም። ድምፅሽ ደግሞ..."

"የሙሀንዲሳ ድምፅ ከአንገቷ አይወጣም" አለ ሙክታር። "ከፎቅ እንዴት ይወርዳል?"

ኡም ሳልህ የምንባባለው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። "ድምፅ ከእኔ ውሰዱ" አሉ።

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። ከመንሱራ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ እንሞክረዋለን" አሉኝ።

ክሪክ የሚነሳበት ቀን ኡም ሳልህ አግዳሚው በማያልፍበት በኩል፣ የደረጃው ራስ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ተቀመጡ። እኔ በየስንጥቁ ላይ ጅብስ ለጥፌያለሁ፤ ቤቱ ከተንቀሳቀሰ ደረቁ ጅብስ ይሰነጠቃል። በእጄ ስስ ላሜራ ይዤ ከበር ወደ በር እሄዳለሁ፤ በበሩና በመቃኑ መካከል አሳልፈዋለሁ። ላሜራው ካለፈ "ይቀጥሉ" እላለሁ፤ ኡም ሳልህ ቃሌን ተቀብለው ወደ ታች ያወርዱታል። ኩባያ በኩባያ ጥሩ ሄድን። ከዚያ የመካከለኛው ሳሎን በር ላይ ላሜራው ተያዘ።

"ይቁም" አልኩ።

"ወግፉ!" ብለው ኡም ሳልህ ጮኹ። "ኸላስ! እጁን የሚያንቀሳቅስ ወዮለት!"

አጥሩ ላይ ተኝታ የነበረች ድመት ዘላ ጠፋች። ሙክታር በኋላ እንደነገረን፣ ኢቃማ የሚፈትሹት ጀዋዛቶች የመጡ መስሎት ክሪኩን ለቆ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቷል።

ጅብሶቹን አየሁ፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። ወርጄ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ግራ ገባቸው። "ገና ምን ተነሳና! ውሃ ልኩን እዪው፤ አግዳሚው መሐሉ ላይ ጣት የሚያህል ወርዷል። እስኪስተካከል ብዙ ይቀረናል።"

ተመልሼ ወጣሁና ኡም ሳልህን በሩ ድሮም ይይዝ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"ይይዝ ነበር እንጂ" አሉ። "አቡ ሳልህ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በያዘ ቁጥር ከመቃኑ አውርደው በመላጊያ ይልጉታል። ሦስቱንም በሮች እንዲሁ። ቤቱ ሲያረጅ አብረን እናስተካክለዋለን ይሉ ነበር።"

በሩን ከፍቼ ከላይ በጣቴ ዳሰስኩት። ጠርዙ አግድም ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ወደ አንድ ጎን ተልጓል። ወደ ሁለቱ ሌሎች በሮች ሄድኩ፤ ያው ነው። ቁም ሣጥኑ ሥር ስስ ጣውላ ተደርጓል። መቃኖቹ አጠገብ ያለው ልስን ደጋግሞ ተሞልቷል። ቤቱ ሲጎብጥ ሁሉም ነገር ከጉብጠቱ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ነበር። አግዳሚውን ብናቃናው ይህ ሁሉ ይጣመማል።

ወርጄ የሰማሁትንና ያየሁትን ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ በእጃቸው የያዙትን ኩባያ ሳይጠጡ መሬት አስቀመጡት።

"የመንሱራውም በር የተላገ ይሆን?"

"አላውቅም። ያየው ሰው የለም።"

ቀና ብለው አግዳሚውን አዩና "በዕድሜዬ ጠማማ አግዳሚ ትቼ ከቀቡ ወጥቼ አላውቅም" አሉ።

"አግዳሚው ጎበጠ እንጂ አልደከመም" አልኳቸው። "አስልቼዋለሁ፤ ክብደቱን ይችላል። የደከመው እግሩ ነው።"

"ሰናይት፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

ስሌቱን በልቤ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው መጣ።

"እንግዲያው የእያንዳንዱን ምሰሶ ቁመት ለየብቻ ለኪልኝ" አሉ። "አናቃናውም። ወደ ነበረበት መልሰን ባለበት እንይዘዋለን።"

ስለዚህ የኡም ሳልህ ምሰሶዎች ሁሉም ቁመታቸው ይለያያል። አሮጌዎቹን አንድ በአንድ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሳይነካ ቀየርናቸው። ወለሉን ቆፍረን በፌሮ የታሰረ አርማታ ሞላን። ከወለሉ ከፍ ያለ ትንሽ መደብ ሠርተን ምሰሶውን እሱ ላይ አቆምነው፤ ውሃ ቢገባ እንኳ እግሩን እንዳያገኘው። አርማታው እስኪጠነክር መጠበቅ ነበረብን፤ ሳልህ በየቀኑ እየደወለ "ገና ነው?" ይላል። ምሰሶው በቱንቢ ተስተካክሎ፣ ጫፉ ላይ ላሜራ ገብቶ፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ክሪኩ ሩብ ሩብ ዙር ይወርዳል። ጋሽ ሰይድ ምሰሶውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ሸክሙ ያላረፈበት ብረት ድምፁ ይንቀረፈፋል። ሲሸከም አጭርና ቀጭን ይሆናል። "ወሰደ" ይላሉ ያን ጊዜ፤ ኡም ሳልህም ከላይ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ሰፈሩን ያሰሙታል።

የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ውሃ ልክ አግዳሚው ላይ ማስቀመጥ ነበር። ፊቱን አጨማደደ። "ይሄ ቀጥ አላለም" አለ። ሳልህ አብሮት ቆሟል። "አየሽ እማዬ" ማለት እንደፈለገ ያስታውቅበት ነበር፤ እናቱ ግን እላይ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ዐረብኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ቢሆንም ወደ እኔ አገጫቸውን አነሱና "እሷ የሠራችው ነው፣ እሷ ትንገርህ" አሉት።

ወለሉን እያየሁ ነገርኩት። ሆን ብለን እንዳላነሳነው፣ ለምን እንዳላነሳነው፣ አግዳሚው ስንት እንደሚሸከምና ስንት እንደሚችል። ጮክ እንድል ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ላይኛውን ቤት ልይ አለ። የቤቱ ሴቶች ገለል እስኪሉ ጠብቀን ወጣን። ጅብሶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። የሳሎኑን በር በአንድ ጣቱ ገፋው። በሩ ያለ ድምፅ ሄዶ ተዘጋ። እንደገና ከፈተው፣ እንደገና ገፋው። "መኖር ይችላሉ" አለ።

በሚቀጥለው አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ኡም ሳልህ ዘር ማንዘራቸውን ምሳ ጠሩ። እኛንም ጠሩን። ለእኔ ጾም መሆኑን ጋሽ ሰይድ አስቀድመው ነግረውልኝ ስለነበር ሩዝ ያለ ሥጋ ለብቻዬ መጥቶልኝ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ምግቡን ግን ሳልጀምር ሙክታር ደጅ አስጠራኝ። "ነይ፣ ጋሽ ሰይድ እምቢ ብለዋል" አለኝ። "የወንዶቹ ገበታ ቀርቧል፣ እሳቸው ግን ቀቡ ወርደዋል።"

በውጪው ደረጃ ወረድኩ። ጋሽ ሰይድ መሐል ካለው ምሰሶ አጠገብ ቆመዋል፤ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አድርገዋል። "እላይ ስንት ሰው ነው?" አሉኝ። "ብዙ" አልኳቸው። በዚያን ጊዜ ልጆቹ መሮጥ ጀመሩ። ከኩሽናው እስከ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ እስከ ኮሪደሩ፣ መንጋቸውን ሆነው ከአናታችን በላይ አለፉ፤ ተመለሱ፤ ደግመው አለፉ። ትልልቆቹ ሴቶች ትሪ ይዘው ሲራመዱ እርምጃቸው ከልጆቹ ይለያል፤ ከባድና ዝግ ያለ ነው። እኔም ሳላስበው እጄን ከእሳቸው እጅ በታች ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ምንም አይንቀጠቀጥም።

"በቃ፣ እንብላ?" አልኳቸው።

"ትንሽ ቆዪ።"

ስንወጣ ግቢው ውስጥ የሳልህ መኪና ኋላው ተከፍቶ ነበር። ሳልህ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎችና በገመድ የታሰረ ፍራሽ እያወረደ ነው፤ የእናቱ ዕቃ ነው። ወደ አዲሱ ቤት ሊወስዳቸው ቀደም ብሎ ጭኖት ለሳምንታት መኪናው ውስጥ ይዞት ይዞር ኖሯል። ሲያየን ትንሽ አፈረ። ሻንጣዎቹን አንስቶ ወደ እናቱ ክፍል ይዟቸው ገባ። ፍራሹን ሊወስድ ተመልሶ ሲመጣ ሙክታር በአንዱ ጫፍ ያዘለት።

ጋሽ ሰይድ ይህን ካዩ በኋላ ነው ወደ ቧንቧው ሄደው ለምሳው እጃቸውን የታጠቡት።